ወደ ላይ እይ

ማኅተም ቀራጭ ነኝ፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣
ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ሰርቃ በምትገባ
በአንዲት ጠባብ ሱቅ፤
ከቀኝ ወደ ግራ ፊደል ስፈለቅቅ፣
ለአስመጪና ላኪ፣ ለጠበቃ፣ ለዕድር፣
በክብ ውስጥ ስም ስሸርብ፣ ቀጭን እንደ ድር፣
ዕድሜዬ በዓይኔ ነው የተመነዘረ።
አንድ ሰኞ ማለዳ እኔ ነቃሁ እንጂ፣ ዓይኔ ተኝቶ ቀረ።

ቆብ ከቆብ ተሰፍቶ፣ በአይናር ተጣብቆ፣
በለብ ያለ ውኃ፣ በጥጥ፣ በልመና ለቆ፣
ብርሃን ሲገባበት አሸዋ ነው፣ እሳት፤
ሚጥሚጣ የነካው ዓይን እንኳ አይኖረው ይህ ቅላት።

ምክር መቼም አይነጥፍም በዚህ ሰፈር፦
ሎተሪ አዟሪው «ሻይ ቅጠል ዘፍዝፍና በላዩ ይደር»፣
የባንኩ ጥበቃ «የአራስ ጡት ወተት ጠብ ይበልበት» ሲል፣
አንዱ «ሰው ዓይቶህ ነው»፤ አንዱ «ይልቅ ቲማቲም አትብላ፣ ያግላል»።

እማዋይሽ ብቻ ዝም።
ፎቶ ኮፒ ቤቷን ከእኔ ሱቅ የሚለየው አንድ ችፑድ ነው፤ እሱም
ወሬ አይከልልም። ግን አርባ ቀን ሞላን
«እንዴት አደርክ» ካልተባባልን። ቆጣሪ ነው ያጣላን፤
አንድ ቆጣሪ ለሁለት። «የሚበላው ያንቺ ማሽን ነው» ብላት፣
ድርሻዋን ከነሳንቲሙ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች፣ ንዴት እያነቃት፦
«ዓይንህን ላፈር!»
አፈሩ ዘግይቶ፣ ለካ መንገድ ላይ ነበር።

የጤና ጣቢያዋ ሐኪም፣ ነጂባ የምትባል፣
ብዕር በምታክል ባትሪ በርብራኝ፦ «ባክቴሪያ ነው፤ ይድናል።»
«እርግማን አይደለም?» ሳቀች። «እርግማን በቅባት አይለቅም።»
ቴትራሳይክሊን ጻፈች፤ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰባት ቀን፤ ስለተሻለህ አትተውም።
የታችኛውን ቆብ ሳብ ስታደርገው ኪስ ይሆናል፤
እዚያ ነው፣ ሩዝ ፍሬ የምታህል። ፎጣህን ለብቻ አድርግ። የቱቦው ጫፍ ዓይንህን እንዳይነካ።»
ስድሳ ዓመት ኪሴ ባዶ ነው ስል፣
ፊቴ ላይ ሁለት ኪስ ኖሮኛል ለካ!

መስታወት ፊት ቆምኩ። ገልብጦ ለኖረ ሰው
መስታወት ምን ይከብዳል? ግን እጄ ሌላ ነው፦
አንዱ ቅንድቤ ላይ፣ አንዱ አፍንጫዬ ጫፍ፣
አንዱ ጢሜ ላይ። ጢሜ ዳነ መሰለኝ፤ ዓይኔ ቀረ በደጃፍ።
ተራገምኩ።
ከችፑዱ ማዶ የኮፒው ማሽን ቀጥ አለ።
በሬ ላይ ቆመች፤ እጇን ታጥባ፣ ውኃው ከክርኗ እየተንጠባጠበ፤
ቱቦውን ከእጄ ነጠቀች፤
«ወደ ላይ እይ» አለች።

የአርባ ቀን ነገር ተጨምቆ ሦስት ቃል ወጣው።
ወደ ላይ አየሁ፦ ኮርኒሱ ላይ ዝናብ የነደፈው
ካርታ፤ ከጎኑ ቆጣሪያችን፣
በአንዲት ቀይ ዓይኑ ጥቅስ ጥቅስ እያለ ሲቆጥርብን።
ቅባቱ ቀዘቀዘኝ። ጣቷ ቶነር ቶነር ይሸታል።
ከዚያ ዓለም ሁሉ ጉም ሆነ፤ ፊቷ የተቆጣ ይሁን የሳቀ በምን ይለያል?

በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ጠራ። «ድኛለሁ፣ ተዪኝ» ብላት፣
ማዘዣዬን ኮፒ አድርጋ ከችፑዱ ለጥፋው ኖሯል፤ ጣቷን ጣለችበት፦
«ሰባት ነው የሚለው።
በግማሽ የተተወ ነገር ነው ኋላ የሚብሰው።
መጋቢት ላይስ ታርቀን አልነበር?»
ወደ ላይ አየሁ። ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቱቦው ተጠቅልሎ እንደ ቀንድ አውጣ፣
ጎማዬ ላይ የቀረጽኩት «ረ» እስከ እግሩ ጥርት ብሎ ሲመጣ፣
በሬ ሲንሲያጠጥ ሰማሁ።
ቆማለች። እጇ ርጥብ ነው።
ለምን እንደመጣች የጠፋባት ትመስላለች።
እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ወደዚያች ቀይ ዓይን እያየሁ፣
«የዚህ ወር ስንት ቆጠረ?» አልኳት፣ በቀስታ።