ስም እስኪወጣለት

አራት ኪሎ፣ ምድር ቤት፣ መስኮቷ ጠባብ ናት፣
ከውጭ የሚታየኝ የሰው ጫማ፣ የሰው ባት፤
ላይ ታክሲ ይጣራል፤ "ፒያሳ በሁለት ሰው!"
እኔ ታች ያለሁት፣ ብልቃጥ የማብሰው፣
ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤
የሞተ እያስተኛሁ፣ የሞተ እያስነሣሁ፣
ደሞዝ እያስታወስኩ፣ ስሜን እየረሳሁ።

ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ክዳኑ የዛገ።
ወረቀቱ ቢጫ፤ ቀለሙ ያረገ።
"ቀበና፣ ከድልድዩ ሥር፣ ነሐሴ ስድሳ አራት፣
ጉርጥ፣ ሦስት። አንዱ ግን" — ከዚያ የጥያቄ ምልክት፦
"ጅራታም?"
ይኼው ብቻ ቀረ ከመምህር ጉልላት።

ጉርጥ? ኧረ አይደለም! ጉርጥ ቆዳው ሻካራ፣
ከዓይኑ ኋላ አለበት የመርዝ ዕጢ ተራራ፤
እነዚህ ልስልስ ናቸው፤ እግራቸው ቀጭን ነው፤
እንቁራሪት ናቸው። ግን የትኛው? የማነው?

ካሊፐር ይዤ ቀረብኩ፤ ሚሊሜትር ቆጠርኩ፤
የኋላ ጣቷን ገልጬ ሽፋኑን መረመርኩ፤
ከመጽሐፍ አስተያየሁ፣ ከጎረቤት ብልቃጥ፣
ከባሌ፣ ከጮቄ፣ ከአርሲ ረግረግ ማጥ፤
ሁሉም ይመስሏታል፤ እሷን የሚሆን የለም፤
የአክስት ልጅ እንደ ማለት፦ አፍንጫው ቢደገም፣
ሣቅ ግን ይለያያል።

ሦስተኛዋ ትንሽ ናት። እግር አብቅላ ሳለ፣
ጅራቷን ሳትጥል፣ ሞት መጥቶ "ቁሚ" አለ፤
ዓሣም አልቀረችም፣ እንቁራሪት አልሆነች፣
ሃምሳ ዓመት ከምናምን ደጃፍ ላይ ቀረች።
በመምህር ጉልላት ማን ሊፈርድ ይችላል?
ጅራት ያየ ሰው በምን ልቡ ይተኛል?

መብራት ጠፋ። ቆምኩኝ ብልቃጡን ታቅፌ፤
ደረጃውን ወጣሁ በዳበሳ አልፌ።
በሩ ላይ ጋሽ መርጊያ፣ ካፖርት ተከናንቦ፣
ዝናብ ያዳምጣል፣ ጥግ ላይ ተሰብስቦ።

"ጋሼ፣ ታውቃታለህ?" ባትሪውን አብርቶ፣
ብልቃጡን አዞረው፤ ዝም አለ አይቶ አይቶ፤
"መልኳን እኔ እንጃልሽ። ድምጿን ብትሰጪኝ..."
"ሞታለች እኮ፣ ጋሼ!" "እሱን አትንገሪኝ።
ከጀርባ፣ ከቱቦው፣ የጎርፍ ማውረጃው ጋ፣
ሐምሌ በገባ ቁጥር፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ሌላዋ 'ቋ' ስትል በረዥሙ ጎትታ፣
አንዷ 'ጢቅ፣ ጢቅ' ትላለች፣ ሁለቴ መትታ፤
እንደ ጥፍር በብርጭቆ። ከዚያ ታስባለች።
ሃያ ሁለት ክረምት ይኸንኑ አለች።"

"የሚጮኸው ወንዱ ነው" አልኩት፣ እውቀት ይዞኝ፤
"ይሁና፤ ታዲያ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።"
"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?" "ማን ጠይቆኝ ነበር?
እናንተ ውስጥ ናችሁ። እኔ ደግሞ ከበር።"

ተጎንብሰን ሄድን። የቱቦው አፍ ከርፍቷል፤
በዘይት ቀስተ ደመና አንድ ጫማ ተንሳፏል፤
ከአጥሩ ወዲያ ኤክስካቫተር ክንዱን አጥፎ ተኝቷል፤
ሰኞ ይኸን ቱቦ ይደፍኑታል ተብሏል።

ቆየን። ዝናቡ አባራ። ቀሚሴ ራሰ።
ላይ ታክሲው ጮኸና ወደ ፒያሳ ገሠገሠ።
ከዚያ፦

ጢቅ፣ ጢቅ።

ጋሽ መርጊያ አልሣቀም። "ይኸውልሽ" ብቻ አለ፤
እጄ ላይ ብልቃጡ ቀስ ብሎ ዋለለ፤
ጅራታሟ ሰምታ ቀና ያለች መሰለኝ።
(ውሸቴን ነው። የኔው እጅ ነው ያታለለኝ።)

አሁን ቅጹ ፊቴ ነው፤ መብራት መጥቷል ዳግም፤
ልኬት፣ ቀን፣ ወንዝ፣ ድምፅ ሞልቷል፤ የቀረው ስም።
"ስምን መልአክ ያወጣል" ሲባል ሰምቻለሁ፤
መልአኩን በር ላይ፣ ካፖርት ለብሶ አይቻለሁ።
ጠየቅኩት፤ ሣቀብኝ፦ "ራሱ ነገረሽ፤
ሁለቴ ደገመልሽ፤ ከዚያ በላይ ምን ይበልሽ?"

ለሰኞ ሦስት ሌሊት ቀርቷል። ቅጹን ሳልዘጋ፣
ባልዲ ይዤ ወጣሁ፣ የጎርፍ ማውረጃው ጋ።