ከመቶ ሰባው

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ሱሉልታ ገና ጉም ውስጥ ናት።
ቦቲዬ ጭቃ ጠግቧል፣ ጣቴ ደንዝዟል ከብርዱ ብዛት።
መዝገቤን ብብቴ ሥር፣ ባለ መስመር ባልዲ አንጠልጥዬ፣
በአዴ ጌጤ ቆርቆሮ በር እገባለሁ ዝቅ ብዬ።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ የታለበውን ለክቶ መጻፍ፣
አንዴ ደግሞ ጥቂት ጸጉር መንቀል ከላሟ ጭራ ጫፍ፣
ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ቁጥሯን ጽፎ፣ ለላቦራቶሪ መስጠት።
ሥሩን ይዞ ያልወጣ ጸጉር ገለባ ነው፤ አይናገርም አንዳች እውነት።

«ጠንቋዩም ጸጉር አምጪ ብሎኝ ነበር» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን፣
«ብሬን በላ እንጂ ምንም አላየ። እናንተ የምታዩት ምን ይሆን?»
«ዘሯን» አልኳት፤ «ይህ ሁሉ ወተት ከደሟ ነው? ወይስ ከፋጉሎሽ?
ጥጃዋስ ከእናቷ ስንቱን ትወርሳለች?»
ሳቀች። «ሂርጳን ጠይቂው እባክሽ።
እኔን ቦቂት በእርግጫ ነው የምትመልሰኝ።»

ሂርጳ ረጅም ነበር። ሲቀመጥ ጉልበቱ ይጮኻል እንደ አሮጌ በር።
መዳፉን በትንፋሹ አሙቆ፣ ግንባሩን ጎኗ ላይ አስደግፎ፣
ስለ ድርቆሽ ዋጋ ያወራላት ነበር።
እሷ ባለ ቢጫ ቁጥር ጆሮዋን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጋ
ወተቷን ትለቅለታለች። አሥራ አንድ ሊትር ጽፌ እወጣለሁ ሳይነጋ።

በኅዳር ሁለተኛው ሳምንት ስመጣ ግቢው ድንኳን ተተክሎበታል።
ቦቂት ጋጣዋ ውስጥ ቆማለች፤ የጎረቤት ልጅ ጡቷን ይጎትታል።
ሦስት ሊትር።
ቆሜ ጠበቅኩ።
ሦስት ሊትር።
ጻፍኩት። ከገጹ ዳር «ምርመራ» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች፤
እጄ እሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ባዶዋን ቀረች።

ከከተማ ተደወለ። ልጅ እግሩ ዶክተር ፍሬስብሃት፣ ትሑት ነው፤ ግን ቸኩሏል፤
«አራት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ከመስመር የወጣ ቁጥር ታይቷል።
አንድ አሃዝ ወድቆ ይሆን? አሥራ ሦስት ለማለት?» «አይደለም፤ ሦስት ነው።»
«በሽታ?» «ጤነኛ ናት።» «እንግዲያው ስህተት ነው፤ ይሰረዝ፤ አማካዩን አጣመመው።»
ተሰረዘ። እኔም ዝም አልኩ።
የሂርጳ ሞት በአንድ ጣት ከስሌቱ ወጣ።

ሰኔ ላይ በቀበሌው አዳራሽ፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ ወንበር ተደርድረን፣
ጣሪያውን ዝናብ እየደበደበው ውጤታችንን ሰማን።
«በላሞቹ መካከል ካየነው የወተት ልዩነት
ከመቶ ሠላሳው የዘር ነው። ሰባው የአካባቢ።»

አዴ ጌጤ እጇን አወጣች። «ልጄ፣ ሰባው የማን ነው አልክ?»
«የአካባቢ፤ ማለትም መኖው፣ ውኃው፣ አያያዙ፣
የቀረውም፣ እኛ ያላወቅነው።»

ተነሥታ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። «መኖ። የሣር ሜዳችን ዘንድሮ በቆርቆሮ ታጥሯል፤
ድርቆሽ እንከምርበት በነበረው፣ የድንጋይ ወፍጮ አቧራ ያጨሳል።
ውኃ። ምንጫችን ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ በደጃችን በመኪና ያልፋል።
ያላወቅነው ያልከው ደግሞ
ሂርጳ ነው። ስሙን ጻፉት።»
አዳራሹ ሳቀ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም፤
እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፤ ጥቂት አየው፤ መልሶ ከተተው።

ዛሬም ያው ሰዓት፣ ያው ጭቃ።
በረት ውስጥ ሂርጳን አየሁና ደነገጥኩ፤
ካፖርቱ ነው። ጌጤ እጅጌውን ሦስቴ አጥፋ ለብሳዋለች፣
በርጩማው ላይ፣ በእሱ አቀማመጥ፣ ግንባሯን አስደግፋ።
ቦቂት አንገቷን አዙራ እጅጌውን አሸተተችው፣
ረጅም ጊዜ፣ እንደ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ።
እግሯን አላነሣችም።
ጌጤ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋን አወፈረች።
«ድርቆሽ ደግሞ» አለቻት፣ «ዘንድሮ አይቀመስም።»

ስምንት ሊትር ተኩል።
ቁጥሩን በቦታው ጻፍኩ።
ከዚያ ዳር ላይ ያለችውን ጠባብ ዓምድ ፈለግኩና
«ካፖርት» አልኩባት።
ይደውሉልኝ።