ሸረሪት ሸናብኝ

አንለይ መጣ ማለዳ፣ ሽምብጥ ጤና ጣቢያ ደጃፍ፣
አንገቱን ወዲያ አዘንብሎ፣ እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ።
ውኃ የቋጠረ መስመር፣ ከጆሮው ሥር እስከ ደረት፤
«ሸናብኝ» አለኝ «ሌሊቱን፣ ያ የጥጉ ሸረሪት።»

«ታዲያ ምን አረግኸው?» አልሁት፣ ጥጥ በውኃ እያራስሁለት።
«ምን አረገዋለሁ ሲስተር፣ ደንገል ለኩሼ አነደድሁት፤
ጣራውን፣ ጥጉን፣ ምሰሶውን፣ ድር ያለበትን ለበለብሁት፤
ታንኳዬን ልጨምር ስል ነው፣ ሚስቴ ጮኻ የተውሁት።»

አልሳቅሁም። እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ከንፈሬ በቆሰለ ቁጥር
እናቴ ምስክር ሳትጠራ፣ ትፈርድ ነበር በባለ ድር።

«ስምንት እግር አለው» አልሁት፣ «በዚህ ግን እጁ የለበትም፤
ጥንዚዛ ናት፣ ቀጭን፣ ከጉንዳን ብዙ አትበልጥም፤
ዝናብ ሲያባራ ከሐይቁ ዳር፣ አምፖል ፍለጋ ትመጣለች፤
ወገቧ ቀይ፣ ራሷ ጥቁር። አትነክስም፤ ትሄዳለች።
አንገትህ ላይ ስትርመሰመስ
በእንቅልፍ ልብህ ትጨፈልቃታለህ፤ ደሟ ነው እሳት የሚለኩስ።»

«ታዲያ ሸረሪት አይነክስም በይኛ!» አለ፣ ዓይኑ እንደ መርማሪ።
«ይነክሳል እንጂ፣ ከጨበጥኸው፤ ግን እሱም እንዳንተ ነው፣ ፈሪ።
እንጨት ክምር ሥር የምታደፍጥ፣ አንዲት ጥቁር አለች፣ ዝምተኛ፤
እጅህን ሳታይ አትስደድ። ከነከሰችህ፣ ሳታድር ናልኝ ወደኛ።
የቤትህ ጥግ ላይ ያለው ግን፣ ያ ባለ ረጅም እግር ከሲታ፣
ስንቱን ትንኝ በልቶልሃል፣ አንተ ስታንኮራፋ ማታ!»

ቅባት ሰጠሁት። አላመነኝም፤ ከአረማመዱ ያስታውቃል።

በኅዳር ተመልሶ መጣ፣ ልጁን ዘቢደርን አዝሎ፤
ትንቀጠቀጣለች ትንሿ፣ ግንባሯ እንደ ምድጃ ግሎ።
ደም ወሰድሁ ከጣቷ ጫፍ። ወባ። ክኒኗን ቆጠርሁለት።
ስለዚያ እሳት አላነሣሁም፤ ምን ብዬ ልጨምርበት?
ሲወጣ ግን፣ ከመስኮቱ ጥግ፣ ቆም አለና ወደ ላይ አየ፤
የኛው ከሲታ እዚያው አለ። አንለይ ትንሽ ቆየ።

በሳምንቱ ቤቱ ሄድሁ፣ አጎበሩን ልይለት ብዬ፤
ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። መርፌዬን ከቦርሳ መዝዤ
ስጠጋ፣ «ቀስ በይ ሲስተር» አለኝ፣ «እሱ ጀምሮልኛል።»
እውነትም፣ በቀዳዳው ዳር አንድ ፍሬ ድር ዘርግቷል።
«ድር አጎበር አይሆንም» አልሁት።
ባለቤቱን ሳልነካ፣ ከጎን ከጎን ሰፋሁት።

ትናንት ማታ ደግሞ፣ በኔ ቤት፣ አንዱ ከኮርኒስ ተንጠልጥሎ
ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ፣ ጩኸቴ ተሰማ ሐይቁን ዘሎ።
ጎረቤት ባትሪ ይዞ መጣ። «ምንድን ነው ሲስተር?» አሉኝ። አፈርሁ።
«ቅዠት ነው» አልሁ።
ሲሄዱ፣ በብርጭቆ ከድኜው፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ በረንዳ ላይ ለቀቅሁ።