አሥራ አምስት ደቂቃ

ለሌሊቱ ስድስት አሥር ሲቀር ወንድሜ ኢድዋል ወጣ፤
ስድስትን አምስት ሲያልፍ የእኔ የኢቴል ተራ መጣ።
እናታችን በእኔ ቀን አንድ ኬክ ጋግራ ለሁለት ቆረጠች፤
ዱቄቱን አየች እንጂ ሰዓቱን መች አየች!

እንዲሁ ኖርን፤ ስድሳ አራት ዓመት በአንድ ቀን ስናረጅ፣
ስንውል ስናመሽ ከዚያው ከጥቁሩ ድንጋይ ደጅ።
የዌልስ ድንጋይ ለሚያውቅበት እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤
መሮው ልቡን ካገኘው ገጽ ከገጽ ይላቀቃል።
እኛን ግን ያላቀቀን የለም፤
ሚስቶቻችን ሞክረው ነበር፤ አልተሳካላቸውም።

በጥር፣ በዝናብ፣ ከግብር ቤት ሁለት ቡናማ ፖስታ ይመጣል፤
«ስድሳ አምስት ለሞላው ሰው፣ ግብር የማይነካው ገቢ ይሰፋለታል፤
ዕድሜዎን ግን እኛ አናውቅም፤ ካልነገሩን ይቀራል» ይላል።
ከግርጌው በደቃቅ ፊደል፦ የግብር ዓመት የሚዘጋው ኤፕሪል አምስት ሌሊት ነው፤
በመጨረሻዋ ቀን ለሞላውም፣ የሙሉ ዓመቱ ቅናሽ የራሱ ነው።

የኢድዋልን ሁለት ጣቶች ድንጋይ በልቷቸዋል፤
ቅጽ ሲመጣ የምሞላው እኔ ነኝ፤ እሱ ሻይ ያፈላል።
«የትውልድ ቀን» ይላል ሳጥኑ። ለማንኛውም ብዬ ወረቀቱን ፈለግሁ፤
ከብስኩቱ ቆርቆሮ አወጣሁት፤ መነጽሬን አድርጌ አየሁ።
ለመንታ ሰዓትም ይጻፋል።
ኤፕሪል አምስት።

«ታውቅ ነበር?»
«ከልጅነቴ።»

ለጋብቻው፣ ለድንጋይ ማውጫው፣ ለሳንባው ካሳ፣ ለሁሉም
የእኔን ቀን ሲጽፍ ኖሯል፤ አንድም ቀን አልነገረኝም።

«ተወው» አለ ሻዩን አማስሎ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ፤
«ለጥቂት ፓውንድ ብዬ ካንተ ቀድሜ አላረጅም ዘንድሮ።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልኩት፤ «ልክ ነው፤ ዳቦም አይገባም።
ሳንባችንን ከፍለንበታል፤ ምጽዋት እንዳይመስልህ፣ አይደለም።
የመንደራችንን ስም አስብ፤ ቤተ ሳይዳ፤ ውኃው ሲናወጥ
ይድን የነበረው አንድ ሰው ነው፣ ቀድሞ ዘልሎ የሚሰምጥ።
መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው የሚያወርደው አጥቶ ነው፤
አንተ ግን እኔ አለሁ ከኋላህ፤ ልግፋህ፤ ግባ፤ ምን ችግር አለው?»

ፈረመ።
በሦስት ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ድንጋይ እንደሚፈልጥ ሰው።

ቼኩ በሰኔ መጣ፤ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ፓውንድ ከምናምን፤
ግማሹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ «ዱቄቱ አንድ ነው» አለ፣ ሳያይ ዓይኔን።

ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ቼኩ አይደለም፤
ያ የኤፕሪል አምስት ሌሊት ነው፤
እኛው የፈለጥነውን ጣሪያ ዝናብ ሲደበድበው
ለስድስት አሥር ሲቀር በሬ ተንኳኳ።
ገባ፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤
እሱ ሽማግሌ፣ እኔ ገና የስድሳ አራት ዓመት ሰው።
አላወራንም። የግድግዳው ሰዓት ብቻ።
ለካ አንድ ጊዜ፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ፣
ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ ብቻውን ነበር፤
እኔን ሲጠብቅ።

ስድስትን አምስት ሲያልፍ ተነሣ፤ ባርኔጣውን አደረገ፤
«ደረስክ» አለኝ፤
ወጣ።