ጠርዙን አንብቢ

ኔስታን፣ መብራት አጥፊ፣ መጋረጃ ሳቢ፤
ፊልሙን ሰቅዬዋለሁ፣ ጠርዙን አንብቢ።
ውጭ ሪዮኒ ሞልቶ ድልድይ ይገፈትራል፤
እዚህ ሁሉም ነገር ነጭና ጥቁር ይሆናል።
ሰው አጥንት ሲቆጥር አያት ይጠራበታል፤
እኔ ስቆጥር ግን እንግዳ ይወጣል።
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚች ጠባብ ክፍል፣
ደግ እጢ፣ ክፉ እጢ፣ ሳጣራ፣ ስከፍል።

ሁለት እግር አለ ዛሬ ከመብራቱ ፊት።

አንዱ የጉራም ነው፣ የወይን ተካይ ልጅ፣
ሌሊት በጩኸቱ ሰፈር ያወጣ ደጅ።
አክስቱ ከሥዕሉ ሥር ሻማ ስታበራ፣
እናቱ ከወዲሁ ቀብሩን ስትፈራ፣
አንዲት ክኒን ዋጠ፤
ሕመሙም ሳይሰናበት በኋላ በር አመለጠ።

እዚያ ጋ ተመልከቺ፦ በወፍራሙ የአጥንት ግድግዳ መሐል
የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ነጥብ።
አጥንቱ ዙሪያዋን ነጭ ካብ ክቦ አጥሯታል።
ደግ ናት።
እንቅልፍ ትነሳለች እንጂ ድንበር አትገፋም።

ጩኸት ምልክት አይሁንሽ፣ ኔስታን።
ሌባ መች ጮኾ ገብቶ ያውቃል?

ሁለተኛው የጺሳና ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ።
ዳንሰኛ ናት፤ በረዥም ቀሚሷ ሥር እግሯ ሳይታይ
ወለሉ ራሱ የሚሄድ እስኪመስል የምትንሸራተት።
«ከደረጃ ወደቅሁ፣ ትንሽ አብጧል» ብላ ሳቀች።
«አትነቃነቂ» ስላት
ማንም ሳያዛት ትንፋሿንም ያዘች፣
ጉንጮቿን ነፍታ።

እስቲ ጠርዙን ፈልጊ። የት አለ?
ጣትሽን ከጤናው ወደ በሽታው አሳልፊ፤
የምትሻገሪው ደፍ፣ የሚያደናቅፍሽ ድንጋይ የለም።
ብል እንደ በላው ሱፍ ነው፤
ቀዳዳው የት ጀመረ ቢሉ መልስ የለውም።
የአጥንቱ ቆዳ ሊያጥረው ሮጦ ነበር፤
ካቡን ጀመረው፣ አልገጠመለትም፣
ተገፍቶ ጥግ ላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ቀረ።
ከዚያ ወዲያ ጨረር ነው፣ ጨረር፣
ልጆች ደብተር ላይ እንደሚስሏት ፀሐይ።
ውብ ነው።
እስከ ዛሬ ያልለመድሁት ይሄንን ነው።

አባቴ ሳምትሬዲያ ላይ አንድ ጎረቤት ነበረው፤
በያመቱ ከማሳችን አንድ ረድፍ በቆሎ ይገፋል፣
ሰላምታው ግን አንድም ቀን አይጓደልም።
አባቴ ሲሞት
ጉድጓዱን የሚቆፍሩት የማን መሬት ላይ እንደሆነ
ለማወቅ ተቸገርን።

ቆይ፣ «ክፉ» ብለሽ ገና አትጻፊ።
አንድ ጊዜ ጽፌ አውቃለሁ።
የአንድ መካኒክ ቅልጥም ነበር፣ የዳነ ስብራት፣
አጥንቱ ራሱን ሲጠግን የተዝረከረከ፤
እኔ ግን ጠላት አየሁበት።
ዘጠኝ ቀን ቤቱ ጥቁር ለበሰ፣
በዐሥረኛው መርፌው ቁራጭ አውጥቶ አሳፈረኝ።
ከዚያ ወዲህ «ነው» ማለትን ትቼ
«ይመስላል» እላለሁ፤ ከሥሩም ማክቫላ ብዬ እፈርማለሁ።
መግል አንዳንዴ የነቀርሳን ካፖርት ይለብሳል፤
ዓይን ይጠረጥራል፣
የሚመሰክረው ሥጋው ነው።

ግን ይሄ፣ የጺሳና...
እጅሽ ለምን ቀዘቀዘ? የእኔም ቀዝቅዟል።

አሁን መጋረጃውን ግለጪው።
በመስታወቱ ተመልከቺ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ
ሁለት እናቶች ተቀምጠዋል።
የጉራም እናት ታለቅሳለች፤
የጺሳና እናት መሐረቧን ሰጥታ ትከሻዋን ይዛ
«አይዞሽ፣ እግዜር አለ፣ አይዞሽ» ትላታለች።

ኔስታን፣ አንቺ ብትሆኚ
ከሁለቱ የማንን ስም ቀድመሽ ትጠሪያለሽ?