ዘሩ ምንድነው?

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ተረቱ እንዲህ ነው፤
እኔ ግን እዚህ ግራዝ፣ ከሙር ወንዝ አጠገብ፣
በጮኹበት ደጅ ነው ጉርሴን የማገኘው።
ዘጠኝ ቁልፍ በኪሴ፣ ዘጠኝ ገመድ በትከሻ፣
ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባው፣ ሳንሸራሽር የሰው ውሻ።

ሰኞ ሰኞ ፑድል ናት፤ ስሟ ሚሚ፣ ነጭ እንደ አረፋ፣
ጆሮዋ ላይ ጥብጣብ፣ ጭራዋ ጫፍ ላይ ኳስ የተነፋ።
ያን ቀን መናፈሻው ሁሉ ጥርሱ ነው የሚታየኝ፤
"ሥራህ ፋሽን ነው?" አለችኝ አንዷ፤ ሌላዋ የኦፔራ ትኬት ሰጠችኝ፤
ሐምራዊ ሻርፕ የጠመጠመ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተጠጋና
ስለ ሽቶ አወራኝ ግማሽ ሰዓት፣ አዋቂ መስዬው ነውና።
አያውቁም፣ ሚሚን የሚከረክማት ጎትፍሪድ ነው፣ የቄራው ሰው፣
በሬ የሚበልትበት እጁ መልሕቅ የተነቀሰው፤
ቅዳሜ ማታ ትንፋሹን ውጦ፣ በትንሽ መቀስ፣
እንደ ሙሽራ ሲያስጌጣት የሚያመሽ፣ ቀስ በቀስ።

ማክሰኞ ዳክል፤ እግረ አጭር፣ ሆዱ ሣር የሚጠርግ፤
ያን ቀን ስለ ሪህ ያወሩኛል፣ ይሰጡኛል የጡረተኛ ማዕረግ።
ረቡዕ ሃስኪ፤ ዓይነ ሰማያዊ፤ "ተራራ ትወጣለህ?" ይሉኛል፤
እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይደክመኛል።

ሐሙስ ግን ሮትዋይለር ናት፤ አርባ አምስት ኪሎ፤ ስሟ ሎቴ፤
ያው ጃኬት፣ ያው ጫማ፣ ሰኞ የተሳቀለት ያው ፊቴ።
እናቶች የሕፃን ጋሪያቸውን ወደ ማዶ ይገፋሉ፤
ጎረምሶች "ወንድሜ!" ብለው ጡጫቸውን ለሰላምታ ይዘረጋሉ፤
ፖሊሱ ወረቀት ይጠይቃል፣ የእሷን አይቶ የእኔን ይጨምራል፤
ብርድ ነው ብዬ ኮፍያ ባደርግ፣ ነገሩ የባሰ ይከራል።
ሎቴ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እርግብ ስትበር የምትበረግግ፣
ነጎድጓድ ስትሰማ ፒያኖ ሥር ገብታ የምትሸሸግ፣
የሙዚቃ አስተማሪዋ የወይዘሮ ትራውድል ልጅ ናት።
(ሴትዮዋ ከውሻዋ አራት ኪሎ ታንሳለች፤
ማን ማንን እንደሚጎትት ገምቱት።)

እኔስ? እኔም አልጠራሁ። ቺዋዋ በቦርሳ ካየሁ
"ባለቤቷ ቀበጥ ናት" እላለሁ። አንዷ ላይ ደግሞ ልክ ሆኛለሁ፤
የውሻዋን ውሃ አሙቅልኝ እያለች፣ የወር ሂሳቤን በላች፤
ከዚያ ወዲህ ቺዋዋ ሁሉ
ዕዳዬን ይዛ የምትዞር መሰለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንዲት ጥያቄያቸው ናት፣
ሰላምታ ሳይቀድማት "ዘሩ ምንድነው?" የሚሏት።
በእነሱ ቋንቋ ቀላል ናት፤ የውሻ ናት፤ ጨዋታ፤
ወደ አማርኛዬ ስመልሳት ጠጉሬ ይቆማል ለአንዳፍታ።
ይህችን ጥያቄ አውቃታለሁ፤ አውቶቡስ ስታስቆም አይቻለሁ፤
ቤት ሊከራይ የመጣን ሰው ከደጃፍ ስትመልስ ሰምቻለሁ።

ዓርብ የሄርሚኔ ውሻ ነው፤ ፍርፋሪ ነው ስሙ ሲፈታ፤
አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የወደቀ፣
ጭራው ከሌላ ውሻ የተዋሰው ለአንድ ማታ።
ሰው እሱን ያያል፣ እኔን ያያል፤ ከየት ጀምሮ ያንብበኝ?
ሰኞን ፈልጎ ያጣል፤ ሐሙስንም አያገኝብኝ።
"ሲጠይቁኝ ምን ልበል?" አልኳት ሄርሚኔን አንድ ቀን።
ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው። መነጽሯን አወለቀች።
"የአባቴን ጠይቀውን ነበር፣ በልጅነቴ" አለች፤ አልጨመረችም።
ብስኩት ስትቆርስ እጇ ተንቀጠቀጠ፤
ብርድ ይሆናል፤ አልጠየቅኋትም።

ስንመለስ ቀና ብዬ የኮረብታውን የሰዓት ማማ አየሁት፤
በመጣሁ ሰሞን በእሱ ተማምኜ ነው ባቡር ያመለጥኩት፤
ረጅሙ ዘንግ ሰዓቱን፣ አጭሩ ደቂቃውን ነው የሚቆጥረው፤
ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እንግዳ ብቻ ነው የሚያሳስተው።

መናፈሻው በር ላይ አንዲት ልጅ ስኩተሯን አቁማ
"ዘሩ ምንድነው?" አለችኝ።
"ዓርብ" አልኳት።
አመነችኝ።