የማጥበቂያው ልክ

ሎድ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ሦስት አውሮፕላን ሃንጋሩ ውስጥ ሆዳቸው ተከፍቶ ቆመዋል፤
ጭራቸው ላይ የተሣለው ሮማን ገና አዲስ ነው፣ ያበራል፤
የቀባው ሰው ግን እስከዛሬ ለሒሳቡ ደጅ ይጠናል።

ኩባንያው ከሰረ አሉን።
ወረቀት ነው የነገረን፤ ከእጅ መታጠቢያው በላይ
በዕብራይስጥና በሩሲያኛ የተለጠፈ ግድግዳው ላይ።
ባማርኛ አልጻፉትም፤
ግድ የለም፣ ኪሳራ ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያሻንም።

ፍርድ ቤቱ ሰው ሾመብን፤ መጠሪያው "ባለአደራ" ነው።
እኔ ባደግኩበት ቤት አደራ ማለት
ጎረቤት ለመንገድ ሲነሣ በረትህ ያሰረው ላም ነው፤
ወተቱን እንኳ ስትጠጣ የሚከነክንህ።
ይኼኛው ባለአደራ ግን የሒሳብ ማሽን ይዞ መጣ፣
ከያንዳንዳችን ደመወዝ ከመቶ ሃያ ሁለት ሊያወጣ።
"የጡረታው መዋጮም" አለ፣ "ለጊዜው ይቁም።
እስከ ሐሙስ ካልተስማማችሁ ዓርብ በሩ ይዘጋል፤
እሁድ ግን አይከፈትም።"

ናዲም፣ የራምላ ልጅ፣ የማኅበራችን ተደራዳሪ፣
ሦስት ሌሊት አፍ ለአፍ ገጥሞ ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰ።
"አሥራ ስምንት አድርሻታለሁ፤ አራቷን በጥርሴ ነው ያስለቀቅኩ።
አብራሪዎቹ ፈርመዋል። የቀረነው እኛ ነን።"
ጠበቃው ከጀርባው ቆሞ ደጋግሞ ይለናል፦ "ጠብቁ"፤
እኛ ደግሞ ዕድሜ ልካችንን ያስተማሩን "አጥብቁ"።

ድምፅ ሰጠን በመሣሪያ ሣጥን፣ ካቻቪቴው ሁሉ ተራግፎ፤
ብጣሽ ወረቀት፣ ግሪስ የነካው፣ አራት እጥፍ ተጣጥፎ።
ቆጣሪው እኔ ነበርኩ።
ስልሳ አንድ እሺ። ሃምሳ ስምንት እምቢ።
ከእሺዎቹ አንዱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አየሁ፣
ጫፉ የሌለ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ፤
ያን ጣት የጭነት በር ሲቆርጠው አጠገቡ ነበርኩ፣ ደሙን በሸሚዜ የያዝኩት እኔ ነኝ።
አለልኝ።
አለልኝ ብዬ የምመካበት አለልኝ!
ጡረታው አሥራ አራት ወር ቀርቶታል።
ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት። ለማንም አልተናገርኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሥራ።
ንጋት ላይ ላርናካ የሚሄደው፣ የግራ እግሩ ጎማ፣
መቶ ሰባ ሦስት መንገደኛ ገና ሻንጣውን እየዘጋ።
መለኪያ ቁልፌን ጨበጥኩ። ያኔ ነው አንድ ድምፅ
ጆሮዬ ሥር እንደ ትንኝ፦
"ደመወዝህ ከመቶ አሥራ ስምንት ጎደለ፤
አንተስ ከመቶ አሥራ ስምንት ብታላላው ምናለ?"

ብሎን ቅናሽ አያውቅም።
ብሎን አልከሰረም።
"አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ይል ነበር አባቴ፤
አውሮፕላን የሚጠግን ልጅ እንደሚወልድ ቢያውቅ
ሁለተኛውን ቃል ይተወው ነበር። ሰማዩ እዚህ ነው፣ ከእጄ ሥር፣
ጎማ ጎማ ይሸታል።

ጠቅ አለ ቁልፉ።
"ድገመው" አለ ከታች ባትሪ የሚያበራልኝ ሰው።
ደገምኩት። ጠቅ።
"አንተ እምቢ ነው ያልከው፣ አይደል?"
መልስ አልሰጠሁትም።
ብርሃኑን ከብሎኑ ላይ ሳያነሣ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
"ደግ አደረግህ" አለኝ አለልኝ። "ልቤ እንዳንተው ነበር፤
እሺ ያለው ጣቴ ነው።"

ከዚያ መዝገቡን አመጣ፣
ሁለታችንም ፈረምንበት፤ እሱ በዚያችው በጎደለች ጣቱ፣
ቀስ ብሎ፣ ስሙን ሙሉ እስከ አያቱ።